በር ተዘግቶ የተከበረ ልደት

የአቼቶ ጠርሙስ ስከፍት ዛሬም ግንባሬን ጭምቅ ያደርገኛል። ባለፈው ዓርብ እዚህ ዳንግላ ቤቴ ምሳ ልንበላ ስንል፣ ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን ከትፌ ክዳኑን ፈታ ሳደርገው ያ የሚሰነፍጥ ሽታ መጣ፤ ቢላዋውን አስቀምጬ ወደ በረንዳ ወጣሁ። "ምን ሆንሽ?" ብለሽ ተከተልሽኝ። "ሽንኩርቱ ነው" አልኩሽ። ሽንኩርቱ አልነበረም። ዛሬ ዝናቡም ከቤት የሚያስወጣን አይመስልም፤ ልንገርሽ።

ያኔ ከቤተሰቤ ጋር እንጅባራ ነበርኩ። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት የምጠብቅበት ክረምት ነው። የእንጅባራን ሐምሌ ታውቂው የለ? ጉሙ ጠዋት የቀርከሃው አጥር ላይ ይቀመጥና እስከ ምሳ ሰዓት አይነሳም። የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ይሰነብታል፤ ሲወርድም እርጥብ ነው። አባታችን ጫግኒ እህል ይነግድ ስለነበር ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ቤቱ የእናቴ፣ የእኔና የታናሽ ወንድሜ ነበር።

በእኔና በወንድሜ መካከል ሁለት ልጆች ተወልደው ነበር። ሁለቱም ጥርስ ሳያበቅሉ ሞቱ። "ልጅ አይበረክትላትም" ሲባል እናቴ በጆሮዋ ሰምታለች። ስለዚህ ይህን የመጨረሻውን ስትወልድ እንደ ተሰረቀ ዕቃ ደበቀችው። አንድ ጆሮውን እንደ ሴት ልጅ አስበሳችው። አዲስ ሹራብ ሲገዛለት ሳታለብሰው በፊት አመድ ታስነካዋለች። ሰው "ስንት ዓመቱ ነው?" ብሎ ከጠየቃት "እንጃ፣ ማን ቆጠረው" ብላ ወሬ ትቀይራለች። የተወለደበትን ቀን ከእሷ ሌላ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ያን ቀን ውሃ ያሞቅሁት እኔ ነኛ!

ነገሩ የመጣው መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ ነው። አንድ ቀን የባለሱቁ ልጅ ልደት ተከብሮ፣ ወንድሜ የተጨማደደ ኬክ በወረቀት ይዞ፣ የፊኛ ክር አንጓው ላይ አስሮ መጣ። እናቴ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። አጠገቧ ቆመና፣

"እማዬ፣ እኔ አልተወለድኩም እንዴ?" አላት።

የእናቴ እጅ ጎመኑ ላይ ቀረ። ተነስታ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየተከተልኩ ነዘነዝኳት። እናቴ በጉልበት የምትረታ ሴት አልነበረችም፤ በንዝንዝ ግን ትሸነፋለች። በመጨረሻ እሽ ስትል ሕግ አወጣች። ልደት የሚል ቃል አይነሳ። ዕድሜ አይጠራ። አይዘፈን፣ አይጨበጨብ። ሻማ ኬክ ላይ አይሰካ፣ እሱም መቁጠር ነውና። በሩም መስኮቱም ይዘጋ።

"ታዲያ ምን ልንለው ነው?" አልኳት።

"ምንም አትበሉት። ዝም ብሎ ይደሰት።"

እኔ ደግሞ ያኔ የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ አባል ስለነበርኩ ራሴን ግማሽ ፕሮፌሰር አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ሻማና ዘፈን ከተከለከለ ሳይንስ አለ! ልጆቹን ሰብስቤ ሙከራ አሳያቸዋለሁ፤ ጎረቤት ቢጠይቅ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ነው ይባላል። እናቴ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። ልጇን ከዓይን የሚሰውርላት ሳይንስ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር?

ሱቅ ሄጄ አቼቶ፣ የዳቦ ሶዳና ፊኛ ገዛሁ። ከጓሮ ጭቃ አቡክተን ከወንድሜ ጋር ተራራ ሠራን፤ መሐሉ ላይ ጠርሙስ ቀበርን። መምህራችን ዘንገና ሐይቅ የድሮ እሳተ ገሞራ አፍ ነው ብሎን ስለነበር ተራራውን ዘንገና አልነው። ወንድሜ ከአባታችን ጋር ሄዶ ሐይቁን አይቶታል፤ ጥቁር ነው፣ ድንጋይ ስትወረውሪበት ድምፅ አይሰጥም ይል ነበር።

"እሳቱ አሁን የት ሄደ?" አለኝ ጭቃውን እየለሰነ።

"ከሥር ተኝቷል።"

"ሲተኛ ይተነፍሳል?"

ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። የማስታውሰው እናቴ ከጓዳ ሆና "ስለ መተንፈስና አለመተንፈስ አታውሩብኝ!" ማለቷን ነው።

ዋዜማው ላይ እንቁላል አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፍኩ። ሌሊቱን አረፋ ለብሶ አደረና ጠዋት ቅርፊቱ የለም። በስስ ቆዳ የተሸፈነ፣ ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ፣ ለብርሃን ሲያሳዩት ቢጫ ጥላ ውስጡ የሚዋኝ ነገር ሆኗል። በኩራት መዳፌ ላይ አድርጌ ለእናቴ ወሰድኩላት። አየችው፤ ወደ ኋላ ሸሸች።

"ምንድን ነው?"

"እንቁላል ነው፤ ቅርፊቱን አቼቶው በልቶት።"

"ጭንጋፍ ነው የሚመስል" አለች በዝግታ። ቀጥላ ጮኸች፤ "አውጭልኝ! በዛሬ ቀን ይሄንን ቤቴ ታስገቢያለሽ አንች?"

አጥሩ ሥር ጣልኩት። ውሻችን መጥቶ አሸተተውና ጥሎት ሄደ። እኔ በአጉል እምነት የምስቅ ልጅ ነበርኩ፤ ያን ጠዋት ግን አልሳቅሁም።

ዝናቡ ገና በጠዋቱ የጀመረ ነው። መብራትም ጠፍቷል። የተጠሩት አምስት የሰፈር ልጆች በቦት ጫማቸው ጭቃ እየረገጡ ሲመጡ፣ እናቴ እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ አንድ በአንድ በጓሮ በር አስገባቻቸው። ከዚያ ያንን በር ከውስጥ ቀረቀረችው። የመስኮቱን ሳንቃ ዘጋች፤ ስንጥቁን በአሮጌ ነጠላ ወተፈችው። ቤቱ ጨለመ። ሻማ አበራሁ። ልጆቹ ጠረጴዛውን ከበው ቆሙ፤ እርጥብ ሹራባቸው የበግ ጠረን ይሸታል፣ ትንፋሻቸው ይታያል።

"ይበርዳቸዋል" አለች እናቴ፤ የከሰሉን ምድጃ ልታቀጣጥል በዋናው በር በረንዳ ወጣች።

ገበሬው ሁሉ ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ መትከል፣ እሱንም ማክሰል የጀመረበት ጊዜ ነውና ከሰል በየቤቱ ሞልቶ ነበር። ታዲያ በእኛ አገር ከሰል ሳይፍም ቤት አይገባም። ያልፋመ ከሰል ሰው እንደሚጥል እናቴ ካንቺም ከእኔም በላይ ታውቃለች። እስኪፍም እየጠበቀች ታራግብ ነበር። ልክ በዚያ ሰዓት አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን በጃንጥላ ሲያልፉ ቆም አሉ። ድምፃቸው እስከ ውስጥ ይሰማ ነበር።

"ምነው ልጀ፣ የልጅ እግር በዛ በጓሮሽ? ዛሬ ምን አለ?"

"ምንም የለ እትየ፤ ልጄ ታስጠናቸዋለች። ይግቡ እንዳልልዎ ትምህርት ላይ ናቸው።"

"ያ ትንሹስ ደህና ነው? አድጎ የለም?"

እናቴ ማራገቢያውን ጣለች። ሰማያዊ ነበልባሉ ገና ከሰሉ ላይ እየተላወሰ ምድጃውን ብድግ አድርጋ ገባች፤ በሩን በተረከዟ ዘጋችው። ከሥሩ በሚገባው ብርሃን ላይ ጆንያ ጠቅጥቃ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች።

ጀመርኩ። ሶዳውን ፊኛ ውስጥ፣ አቼቶውን ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ ሳገናኛቸው ፊኛው እየተነፋ ተነሳ። ልጆቹ "እሰይ!" ሊሉ ሲሉ እናቴ "ቀስ!" አለቻቸው። በቀይ ሥር ውሃ ያቀላሁትን አቼቶ ተራራው አፍ ስጨምር ዘንገና ገነፈለ፤ ቀዩ አረፋ በጭቃው ጎን ወረደ። ወንድሜ በሁለት እጁ አፉን አፍኖ ሳቀ። በሻማው ብርሃን ጉንጩ ቲማቲም መስሎ ነበር። ደስታ ነው ያቀላው ብዬ እኔም ደስ አለኝ። ያን ፊቱን አሁንም አየዋለሁ፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ይበልጥ።

መጀመሪያ ልጆቹ ዝም ያሉት እናቴ ስላዘዘቻቸው ነበር። በኋላ ግን ማንም ሳያዛቸው ዝም አሉ። አንደኛው ተቀመጠ። አንዲት ልጅ "ራሴን አመመኝ" አለች፤ አቼቶው ነው አልኳት። የእኔም ግንባር ይወጋኝ ጀምሮ ነበር፤ አቼቶው ነው ብዬ ለራሴም ነገርኩ።

የመጨረሻው የሻማው ሙከራ ነው። ሳህን ላይ ውሃ አፈሰስኩ፤ ሻማውን መሐሉ አቆምኩና ብርጭቆ ደፋሁበት። ነበልባሉ ጥቂት ቆመ፣ አነሰ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ጠፋ። ውሃው ብርጭቆው ውስጥ ወደ ላይ ወጣ። ቤቱ ውስጥ የምድጃው ቅላት ብቻ ቀረ።

"እሳቱ ለምን ጠፋ?" አልኩ እንደ መምህር።

ወንድሜ ተንጠራርቶ ክንዴን ያዘ። አነጋገሩ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ነበር።

"ብርጭቆውን ማን ያነሳለታል?" አለኝ፤ ግንባሩን ጭኔ ላይ ደፋ፤ ከዚያ ወደ ታች ሸርተት ብሎ ወደቀ።

ምድጃውን አየሁ። የተወተፈውን ስንጥቅ አየሁ። ጆንያውን አየሁ። ልነሳ ስል ተመልሼ ወደቅሁ።

"እማዬ፣ በሩን! ክፈችው!"

እናቴ ተነስታ መወርወሪያውን ያዘች፤ ያዘችና ቆመች። በረንዳችን ሥር ከዝናብ የተጠለሉ መንገደኞች ቆመው ሲያወሩ ይሰማል።

"ሰው አለ" አለች። "ውጭ ሰው አለ።"

እኔ የፈራሁት ሞትን ነበር፤ እሷም የፈራችው ሞትን ነው። ልዩነታችን እሷ ሞት በበር የሚገባ መስሏት መኖሯ ብቻ ነው። ዞራ ወንድሜን አየችው፤ መሬት ላይ እጁ ተዘርግቶ፣ መዳፉ ጭቃ እንደነካው። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ጉልበት በሴት ላይም በወንድም ላይ ዳግም አላየሁም። ጆንያውን በእግሯ ጠረገችው፤ ሁለቱንም የበር ክንፎች በረገደቻቸው፤ ልጇን አንስታ በመንገደኞቹ መሐል አልፋ መንገዱ መሐል ዝናብ ላይ ቆመች።

"ልጄን! ልጄን ድረሱልኝ!"

ሰው ተሯሯጠ። እኒያ ጎረቤታችን ጃንጥላቸውን ጥለው ሌሎቹን ልጆች አንድ በአንድ አወጡ። እነሱ አየር ሲያገኙ አለቀሱ፣ አስመለሳቸው፣ ነቁ። ወንድሜ አልነቃም። ባጃጅ ቆመልን። በመንገዱ ሁሉ እናቴ በነጠላዋ አልሸፈነችውም፤ ፊቱ ለሰው ሁሉ ክፍት ነበር።

ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ሰው ጥቅጥቅ ብሎ ተቀምጧል። የሰፈራችን ሰውም ተከትሎን መጥቶ በሩን ሞልቶታል። ነርሷ አፍንጫና አፉ ላይ የኦክስጅን ጭንብል እያደረገችለት፣

"ስንት ዓመቱ ነው?" አለች።

ያን ሁሉ ጊዜ የሸሸነው ዓይን በሙሉ ወንድሜ ላይ ነበር። እናቴ ዞር ብላ አየቻቸው። እንጃ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

"ሰባት" አለች ጮክ ብላ። "ዛሬ ሰባት ሞላው። ልደቱ ነው።"

"ስሙስ?"

ቤት ውስጥ የምንጠራው በንቀት ስም ነው፤ ሞት ሰምቶ እንዲንቀው ታስቦ የወጣ ስም፤ ልደግምልሽ አልፈልግም። መዋዕለ ሕፃናትም የሚያውቁት በዚያ ነው። እናቴ ግን ሌላ ስም ተናገረች። እኔ እህቱ ሰምቼው የማላውቀውን፣ ስትወልደው በልቧ አውጥታለት ለማንም ያልተነፈሰችውን የሚያምር ስም። ከዚያ ጎንበስ ብላ በዚያው ስም ትጠራው ጀመር። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ በኋላ ሰው ሁሉ እየሰማት፣ ደጋግማ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ እሷ ከዝናቡ በላይ ትጣራለች። ነርሷም አልከለከለቻትም።

ብዙ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ። ጣሪያውን አየ፣ ሰውን አየ፣ እናቴን አየ። ጭንብሉን በእጁ ገፋ አደረገና፣

"እማዬ፣ ማንን ነው የምትጠሪው?" አላት።

"አንተን ነው" አለችው። እንደገናም ጠራችው።