ሰላም ሳይል ያለፈው ፈረሰኛ

ሙሉካን በቅርብ አውቀዋለሁ ብል እዋሻለሁ። ቡሌ ገበያ ፈረሱን እየሳበ ሲመጣ አይቼዋለሁ፤ ጥቂት ጊዜም አጠገቡ ተቀምጬ አጭር አጭር ንግግሩን ሰምቻለሁ። የቀረውን ያገኘሁት ከጎረቤቶቹና ከአማቾቹ ነው። እነሱም ቢሆኑ ሁሉም አንድ ዓይነት አይናገሩም።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ወደ ቡሌ ተራራ መኪና የሚወጣበት መንገድ ገና ሳይጠረግ ነው። ሙሉካ ያኔ ሠላሳ ያልሞላው ጎልማሳ ነበር። የእንሰት ጓሮ፣ ጥቂት በጎችና አንድ ዳማ ፈረስ ነበሩት። ሚስቱ ሸዋነሽ ከወናጎ በላይ ካለው ተዳፋት የመጣች ልጅ ናት። በዚያ ዓመት፣ ቡና መቅላት ሲጀምር፣ እህቷን ልትጠይቅ ወደ አባያ ቆላ ወረደች። የደጋ ሽማግሌዎች ቆላ ለሚወርድ ሰው የሚሰጡት ምክር አንድ ነው፤ ሳታድር ተመለስ። ሸዋነሽ ግን እህቷ አለቅሽም ብላት ሰነበተች።

ከተመለሰች በኋላ ትንሽ ቆይቶ ብርድ ብርድ አላት። ብርዱ ወደ መንቀጥቀጥ፣ መንቀጥቀጡ ወደ ትኩሳት ተለወጠ። ዓይኗ ቢጫ ሆነ። በመጨረሻ ቤት ውስጥ የሌለ ሰው ማነጋገር ጀመረች። ከሞተች የቆየችውን አያቷን “ግቢ እንጂ፣ ምን ደጅ ያስቆምሻል?” ስትል የሙሉካ እናት ወርቂቱ ከእሳቱ ዳር ተነስታ ወጣች። ገና ጎህ መቅደዱ ነበር። ሙሉካ በረት አጠገብ ቆሟል።

“ይሄ የኛ በሽታ አይደለም” አለችው። “የኛ ቅጠል አያውቀውም። ያንን የወባ ክኒን የምታመጣ ከሆነ ዛሬ ነው። ነገ ከሆነ አትድከም።”

ለዚያ ቁልቁለትና ዳገት በቅሎ ነበር የሚሻለው። ለመንገድ የምትሆን በቅሎ ግን ያለቻቸው ባለርስቱ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም በላይዋ ተቀምጠው ለክርክር ይርጋለም ሄደዋል። ሙሉካ ዳማውን ጫነ። እግሩን እርካብ ላይ ሲያደርግ ወርቂቱ ልጓሙን ያዘች።

“ስሟን ለመንገድ አትስጥ” አለችው። “ማን ታመመ ቢሉህ ዝም በል። የታማሚ ስም መንገድ ላይ ሲጠራ የሚሰማው ሰው ብቻ አይደለም።”

“እሺ፣ እማ።”

“ለማንም! ሰማህ?”

“ሰምቻለሁ።”

ቀርከሃው ውስጥ ሲገባ ጉሙ የፈረሱን ጆሮ ሳይቀር ይሸፍን ነበር። ሌሊት የዘነበው ዝናብ ቀዩን አፈር ሳሙና አድርጎታል። ዳማው ከአንዲት ጠባብ ቁልቁለት አፍ ላይ ሲደርስ እንደ ግንድ ቆመ። ቢመታው አልሄደ፣ ቢያባብለው አልሄደ። ሙሉካ ወርዶ ወደ ፊት ቢያይ ምንም የለም፤ ቀርከሃው ብቻ ይንሿሿል። እየሳበ አሳለፈው። ጋቢው ረጥቦ ትከሻው ላይ እንደ ድንጋይ ከበደው፤ አወረደና ወገቡ ላይ ጠምጥሞ አሰረው። ያኔ ስለዚህ ነገር ምንም አላሰበም።

በዚያ ተራራ ሰላም ሳይል የሚያልፍ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ደመኛ ነው፣ ወይ መርዶ ነጋሪ። ጋቢውን ወገቡ ላይ ያሰረ ከሆነ ደግሞ መጠየቅም አያስፈልግም።

ቆጮ ተሸክመው ወናጎ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች መንገድ ለቀቁለት። “ሰላም ነው? ቤት ሰላም ነው?” አሉት። ሙሉካ መልስ መስጠት ከጀመረ የት እንደሚያቆም አላወቀም። ሰላም ነው ቢል ውሸት ነው፤ ሰላም አይደለም ቢል ቀጥሎ የሚመጣው ስም ነው። ፈረሱን በተረከዙ ኮለኮለውና አለፈ። ከኋላው አንዷ “ውይ!” ስትል ሰማ፤ ከዚያ ሁሉም ዝም አሉ።

ወናጎ ሲደርስ ገበያው ሞቅ ብሎ ነበር። መድኃኒት ሻጩ ሳይነሳ ራሱን ነቀነቀ። “አልቋል። ዘንድሮ ወባ የስንቱን ደጅ እንዳንኳኳ አታውቅም። ዲላ ሂድ፣ ክሊኒክ።” ሙሉካ ዞሮ ወደ ፈረሱ ሲወጣ ከጨው ተራው ውስጥ አንድ ሰው ብድግ አለ። የሸዋነሽ ታላቅ ወንድም ታረቀኝ ነበር።

“ሙሉካ! አንተ ሙሉካ! ምንድነው እሱ? ሸዋነሽ ደህና ናት?”

ሙሉካ አፉን ከፈተ። ሊነግረው ነበር፤ ወንድሟ ነው። ግን የጨው ተራው፣ የበርበሬ ተራው፣ የሸክላ ተራው ሁሉ ወደሱ ዞሮ ነበር። ያ ሁሉ ጆሮ! የእናቱ እጅ አሁንም ልጓሙ ላይ ያለ መሰለው። መዳፉን አፉ ላይ አደረገ፤ ራሱን ነቀነቀ። ፈረሱን አዞረና ጋለበ።

ታረቀኝ የጨው ሚዛኑን እንደያዘ ቀረ።

ከወናጎ እስከ ዲላ ያለው የጠጠር መንገድ ለዳማው ከተራራው የባሰ ነበር። ድንጋዩ ኮቴውን ይበላዋል። ቡና የጫነ ካሚዮን ሲያጓራ ወደ ቦይ ዘሎ ሙሉካን ሊጥለው ምንም አልቀረው። ከተማ ሲገቡ ደረቱ ነጭ አረፋ ለብሶ ነበር። ክሊኒኩ በር ላይ መድኃኒት የሚሰጡት ድሬሰር አቶ ገሪማ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር፤ ዲላ ብዙ የቆዩ ትግሬ ሰው ናቸው።

“ይህን ፈረስ በሳሙና ነው ያጠብከው?” አሉት። “ማን ታሞብህ ነው?”

“የቤት ሰው ነው፣ ጌታዬ። ከቆላ መጥታ።”

“የቤት ሰው ስም የላትም?”

“አላት።”

“እሺ?”

ሙሉካ ወለሉን አየ። አቶ ገሪማ ሳቁ። “ይሁን፣ ክኒኑም ስም አይጠይቅም። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል? ትቃዣለች?” ሁለቱንም አዎ ሲላቸው ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። ክኒኑን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡት። “ትፈጭና በስኳር ውሃ ትሰጣታለህ፤ ቀና አድርገህ። ዛሬ፣ ፀሐይ ሳትገባ። መዋጥ ከቻለች ተስፋ አለ። መዋጥ ካቃታት ግን…” እስከ በሩ ሸኙትና ፈረሱን ዞረው አዩት። “ለተራራ በቅሎ አይሻልም ነበር? ከወናጎ በላይ እንደ አመጣጥህ ከጋለብከው እሱ ለጅብ ነው፣ አንተም በእግርህ ነህ።”

ሙሉካ ክኒኑን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ተነሳ።

ሲመለስ መንገዱ ሌላ መንገድ ሆኖ ነበር። ጠዋት ዞር ብለው ያላዩት ሰዎች አሁን ገና ከሩቅ ሲያዩት ጥግ ይይዛሉ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀ። ወናጎ ገበያው ሳይበተን የታረቀኝ ቦታ ባዶ ነበር፤ ጨው ሻጭ ጨዉን ትቶ የት ይሄዳል? አጠገቡ የምትሸጠው ሴት ሙሉካን ስታይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን አዞረች። ምን ሆናችሁ ሊላት ፈለገ። ግን ቢጠይቅ ትነግረዋለች ብሎ ፈራ።

ዳገቱ መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው የእንሰት ቅጠል ተሸክሞ ሲወርድ አገኘው። ሸክሙን አስቀምጦ ራሱን ዝቅ አደረገ።

“እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ” አለው።

ሙሉካ አለፈው። ጥቂት ከሄደ በኋላ ነው ቃሉ የገባው። ወሬ በፈረስ አይሄድም፤ ከሸንተረር ወደ ሸንተረር በጩኸት ይወርዳል፤ እሱን የሚቀድም ፈረስ አልተወለደም። እሱ ዲላ ሲደርስ ከቡሌ ተጠርቶ ወርዶ ይሆናል። ግን ሰውየው ተሳስቶስ እንደሆነ? ሌላ ሰው መስዬውስ? እንዲህ እያለ ራሱን እያታለለ ወጣ። የአማቶቹ ግቢ ሲደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከጣራው ጭስ አይወጣም። ውሻው ብቻ ወጥቶ አየውና ሳይጮህ ተመልሶ ገባ።

ከዚያ በላይ ያለውን ዳገት ሙሉካ መናገር አይወድም፤ የሚታወቀው ከፈረሱ ጉልበት ነው። ዳማው ሁለቴ ወድቆ ሁለቱም ጉልበቶቹ ተልጠው ነበር። ሙሉካ ወርዶ ሳበው፤ መሳብ ሲያቅተው ወደ ፊት ነድቶት ጅራቱን ይዞ ወጣ። ሁለቱም አንድ ትንፋሽ የሚተነፍሱ ይመስሉ ነበር። ፀሐይዋ ወደ አባያ አዘንብላለች። ቀርከሃውን ጨርሰው ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው የመጨረሻ ሸንተረር ሲደርሱ ጩኸቱን ሰማ።

የብዙ ሰው ልቅሶ ነበር፤ ከራሱ ግቢ የሚመጣ። ከመሃሉ የታረቀኝን ድምፅ ለየ። “እህቴን! እህቴን!” ይል ነበር።

ሙሉካ ቆመ። ከዚያ ልቅሶው ድንገት፣ በቢላዋ እንደተቆረጠ፣ ጸጥ አለ። እንዲህ ጸጥ የሚባለው ሬሳ ሊገነዝ ሲል ነው ብሎ አሰበ።

መቀነቻውን ፈታ። ኮርቻውን አወረደና ሣሩ ላይ አስቀመጠው። ግላሱን ገፎ የፈረሱን ጀርባ በጭብጥ ሣር አሸው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ለማልቀስ ጠበቀ፤ እንባው አልመጣም። ከጠዋት ጀምሮ ደረቱን አንቆ ይዞት የነበረው ነገር ተላቀቀ። ከእንግዲህ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ዳማው ሣር መንጨት ጀመረ፤ ጉልበቱ ዐረፈ። ደስ የሚል ዕረፍት ነበር። ይህን ልብ ሲለው ሰውነቱ ተሸማቀቀ፤ ግን አልተነሳም። ፀሐይዋ የተራራውን ጫፍ እስክትነካ ድረስ ተቀመጠ።

ያገኘው ጎረቤቱ ደመላሽ ነው። ለእንግዶቹ ማገዶ ሊያመጣ መጥረቢያ ይዞ ይመጣ ነበር።

“አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?”

“መቼ ዐረፈች?” አለ ሙሉካ ቀና ሳይል።

“ማን?”

“ሸዋነሽ ናት እንጂ ማን ትሆናለች!”

“አብደሃል? አልሞተችም! ያለቀሱት ያንተ አማቾች ናቸው! ጋቢህን ታጥቀህ፣ አፍህን ይዘህ ገበያ ገብተህ ቢያዩህ፣ ሞተች ብለው አገር ይዘው መጡ። እናትህ በሩ ላይ ‘በቁሟ ልትቀብሯት ነው?’ ብላ ስትጮህባቸው ነው ዝም ያሉት። ትንፋሿ አለ፤ ግን ትንሽ ነው። ክኒኑስ?”

ሙሉካ ክኒኑ ያለበትን ቋጠሮ በእጁ ጨበጠ። ኮርቻውን አልጫነም፤ ፈረሱንም አልያዘም። ቁልቁል ሮጠ።

ግቢው ሙሉ ሰው ነበር፤ ሴቶቹ ፀጉራቸውን እንደ ነጩ፣ ወንዶቹ መሬት መሬት እያዩ። ታረቀኝ ሊያቅፈው ተነሳ፤ ሙሉካ ገፍቶት ገባ። ወርቂቱ ክኒኑን በድንጋይ ፈጨችው። ስኳር ስላልነበረ በማር በጠበጠችው። ሙሉካ የሸዋነሽን ራስ ክንዱ ላይ አደረገ። የመጀመሪያው በከንፈሯ ዳር ፈሰሰ። ሁለተኛውም ፈሰሰ። በሦስተኛው ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ ወርቂቱ አየችና “ዋጠች” አለች፤ ከደጅ አንድ ሰው እልል ሊል ሲል ሌላው አፉን ያዘው።

ሸዋነሽ ዳነች። መንደሩ ግን ዝም የሚል መንደር አይደለም። “የተለቀሰላት” የሚል ስም ወጣላት። ገበያ ስትወርድ “ልቅሶሽ አምሮ ነበር፣ ጠላትሽ እንኳ አልቅሷል” ይሏታል፤ እሷም “ሁለተኛ እንዳታስቸግሩኝ፣ አንዴ ጨርሳችኋል” ብላ ትስቃለች። ታረቀኝ ለብዙ ጊዜ ዓይኗን ማየት አፍሮ፣ በመጣ ቁጥር ጨው ይዞ ይመጣ ነበር። ደመላሽ ደግሞ በየደረሰበት የሚያወራው አንድ ነገር ነበረው፤ ሙሉካን ከሸንተረሩ ላይ እንዴት እንዳገኘው።

ወሬው ለሸዋነሽ የደረሰው ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። አንድ ቀን እንሰት ስትፍቅ ሙሉካ አጠገቧ ቅጠል ይቆርጥ ነበር። መፋቂያዋን አስቀመጠች።

“ሙሉካ፣ ስማኝ። ልቅሶውን እኔም ሰምቻለሁ እኮ” አለችው። “ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ፣ የሌላ ሰው መስሎኝ። ማን ሞተ ብዬ ልጠይቅ ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ። አንተስ ትመጣ ይሆናል ብዬ በሩን አይ ነበር።”

ሙሉካ ቅጠሉን መቁረጡን ቀጠለ።

“ደመላሽ ኮርቻውን አውርዶ አገኘሁት ይላል። ፈረሱን ሣር እያበላ። እውነት ነው?”

“እውነት ነው።”

“ሞታለች ብለህም ቢሆን፣ ሰው ወደ ሬሳው ይሮጣል። አንተ ለምን ተቀመጥክ? እዚያ ተቀምጠህ ምን ነበር የተሰማህ?”

ሙሉካ ቢላዋውን በቅጠሉ ጠረገ። አያት፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ እንሰቱ መለሰ።

“ሌላውን ሁሉ ጠይቂኝ፣ ሸዋ” አላት። “ይህን ግን አልመልስልሽም።”