የልጄ ዓሦች ውሃ የጠራ ጊዜ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ነገር ያመጣው ረብሻ ከተነሣ በኋላ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ይሁን በሚቀጥለው ግን ጠፍቶብኛል። ሰበታ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ፣ ቀኑም ወሩም ተደባለቀብን። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይዋ በርትታ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ጣጣውን ያመጣችብን እሷ ናት።

ልጃችን ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ተይዞ ነበር። ቀድሜ ልንገራችሁ፣ በኋላ በሰላም ተመልሷል። ያኔ ግን የት እንዳለ እንኳ አናውቅም። ሳሎን ውስጥ ትቶልን የሄደው አኳሪየሙን ነው፤ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ የሚያቅፈው የሚያህል የመስታወት ሣጥን። ከታች አሸዋ አለ፣ አሸዋው ላይ የተከላቸው ቅጠሎች፣ በቅጠሎቹ መሃል ደግሞ ጭራቸው እንደ ጥለት ያማረ ሰባት ትንንሽ ዓሦች። ባለቤቴ ዱሮ የሥራ ፈት ነገር ነው እያለች ትቆጣው ነበር። ልጁ ከተያዘ ወዲህ ግን ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ መጥታ ትቆጥራቸዋለች። ሰባቱን ስታገኝ ልቧ ይረጋና ቁራሽ ዳቦ ትቀምሳለች። አለዚያ እህል አይወርድላትም።

አንድ ቀን፣ ቀድሞ የተፈታ ጎረምሳ መጥቶ እነሱ የነበሩበት ክፍል መስኮት እንዳልነበረው ነገራት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሳሎኑን መጋረጃ ከጠዋት እስከ ማታ ገልጣ ትተወው ጀመር። ፀሐይዋ በቀጥታ መስታወቱ ላይ ታርፋለች። ልዝጋው ብል እጄን ያዘችው።

«የኢልማ ኮ ዓሦች ጨለማ ውስጥ አይቀመጡም» አለችኝ። ልጇን በኦሮምኛ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እያለች ነው የምትጠራው። እኔም ተውኩት።

ብዙም ሳይቆይ ውሃው አረንጓዴ መሆን ጀመረ። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በዓሣ ኩሬ ቀን ሥራ ነው። እዚያ ውሃው አረንጓዴ እንዲሆንልን እበት በባሬላ ተሸክመን እንጨምር ነበር፤ አረንጓዴው ለዓሦቹ ምግብ ነው። አለቃችን ውሃው ሲጠራ ይቆጣል። ስለዚህ ባለቤቴን ለመለመላቸው፣ ደስ ይበልሽ አልኳት። ምግብም ጨመርኩላቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ኩሬና ሳሎን አይለይህም? ለወጥ መሰሉህ እንዴ?» አለችኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ የቀለደችው ያን ቀን ነበር። በማግስቱ አምስት ቆጠረች። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ውሃው እንደ ጎመን ቅቅል ሆነና አንድም ዓሣ ማየት አልቻለችም። ዳቦውን ሳትነካ መለሰችልኝ። እህል ባልቀመሰች በሦስተኛው ቀን ከወንበር ስትነሣ ግድግዳ ይዛ ነው የቆመችው። ያኔ ፈራሁ። ልጄ ተፈትቶ ሲመጣ ምን ብዬ ልቀበለው ነው?

ልጁ የገጠመላቸው ማጣሪያ ትንሽ ስፖንጅ ናት። የአየር አረፋ ታወጣለች እንጂ አረንጓዴውን አትይዝም። መንገዱ በተከፈተ ቀን ማልጄ ተነሥቼ ግማሹን በእግር ግማሹን በሚኒባስ አዲስ አበባ ገባሁና ዓሣ የሚሸጥበትን ሱቅ ጠይቄ አገኘሁ። ባለሱቁ ወጣት ነው፤ ፋዘር እያለ በደንብ አስተናገደኝ። መጀመሪያ ማጣሪያ አያስፈልግዎትም አለኝ። መስታወቱን በብርድ ልብስ ሸፍነው አራት ቀን ጨለማ ውስጥ ቢተዉት አረንጓዴው በራሱ ይሞታል፣ ቅጠሎቹም ይችሉታል አለ። እውነቱን ነው። ግን ያንን ለባለቤቴ እንዴት ብዬ ነው የምነግራት?

ዓሦቹን መሸፈን አልችልም አልኩት። ምክንያቱን አልጠየቀኝም። ሁለት ዓይነት አወጣልኝ። አንዱ ትልቅ ባልዲ መሳይ ነው፣ ከታች ይቀመጣል፣ ውስጡ አረንጓዴውን የሚገድል መብራት አለው። ከሁሉ የሚሻል እሱ ነው አለኝ። መብራት ሲጠፋስ አልኩት፤ እኛ ጋ ግማሽ ቀን ይጠፋል። ያን ያህል ከቆመ ከፍተው ሳያጥቡ እንዳያስነሡት፣ ውስጡ የሸተተው ሁሉ ወደ ዓሦቹ ይሄዳል አለ። ውሃ አገፋፉም ኃይለኛ ነው፤ የልጄን ቅጠሎች ከሥራቸው ይነቅላቸዋል ብዬ ሠጋሁ። ሁለተኛው መስታወቱ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል ሣጥን ነው፤ ውሃ ስቦ በቀስታ ያፈስሳል።

«ይሄ ያጠራል?» አልኩት።

«ፋዘር፣ ሣጥኑ አያጠራም። የሚያጠራው ውስጡ የሚያስገቡት ነው። በጣም የላመ ነገር ካገኙ ይይዘዋል። እኔ ጋ ግን አልቋል፤ መንገዱን ያውቁታል፣ ዕቃ አይገባም።»

የሚንጠለጠለውን ያዝኩና ተመለስኩ።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት ተከራይ ነበረችን። ከደቡብ የመጣች፣ ጴንጤ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የምትሠራ። ፋብሪካው በረብሻው ስለተዘጋ ቤት ውላለች፤ እኔ በሌለሁበት ባለቤቴ አጠገብ ተቀምጣ ነው የጠበቀችኝ። የሱቁን ሰው ነገር ስነግራት ወደ ክፍሏ ገባችና ትራሷን ይዛ መጣች። ጠርዙን በምላጭ ተረተረችው። ውስጡ ነጭ፣ ከጥጥ የላመ፣ ብርድ ልብስ የሚሞላበት ነገር ነው፤ ፋብሪካው ትርፍራፊውን ለሠራተኛ ይሰጣል።

በምን ትተኛለሽ አልኳት።

«አባባ፣ እኔ ድንጋይም ብንተራስ እንቅልፍ አይለየኝም። ይልቅ ውሃው ጠርቶ እማማ ይብሉ» አለችኝ።

በንጹሕ ውሃ ብቻ አጠብነው። ሳሙና እንዳታስነካው አልኳት፤ ሳሙና ዓሣ ይፈጃል፣ ይሄን እንኳ ከኩሬው አውቃለሁ። ሣጥኑን ሞላነውና ሰቀልነው። የቀረችን ፀሐይዋ ናት። ፀሐይዋ እንደዚያ እየመታችው ምንም ብናጠራ ተመልሶ ይመጣል። ልጅቱ ነጭ ስስ ነጠላዋን አምጥታ ባለቤቴ ፊት ተንበረከከች።

«እማማ፣ ፀሐይዋን ብቻ ነው የምንከለክላት። ብርሃኑ ይገባል። ይዩት፣ ይኸው እጄ ይታያል።» ነጠላውን በእጇ ላይ ዘርግታ አሳየቻት።

ባለቤቴ የልጅቱን እጅ አየች። ከዚያ የመስኮቱን ሚስማር ጠቆመቻት፣ ስቀዪው ማለቷ ነው።

ጠዋት ጠዋት ሣጥኑ ውስጥ የሞላነውን አውጥተን እናጥባለን፤ ሲጨመቅ አረንጓዴ ይወጣዋል። ያደረ የጀሪካን ውሃም በጥቂቱ እንለውጥላቸዋለን። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ የሞላነውን አለቅልቀን መለስነው። ከኋላ ያለው ቅጠል መጀመሪያ እንደ ጥላ፣ ከዚያ እንደ ቅጠል ታየ። ሳምንት ሳይሞላ ውሃው ጠራ።

ባለቤቴ ወንበሯን አስጠግታ ቆጠረች። ስድስት። እንደገና ቆጠረች፣ ስድስት። እኔ በልቤ ጨነቀኝ፤ ሰባተኛው በዚያ ሁሉ ቀን ሞቶ ይሆናል፣ ወይም ቅጠል ሥር ተደብቆ ይሆናል፣ አላውቅም። ልጅቱን አየኋት። እሷም አየችኝ፤ ግን አልዋሸችም፣ ሰባተኛው አለ አላለችም። ብቻ ዳቦውን ቆርሳ ባለቤቴ እጅ ላይ አኖረችና እስኪመጣ ድረስ አብረን እንጠብቀዋለን፣ ግን ሳይበሉ አይጠበቅም አለቻት። ባለቤቴ ዓይኗን ከውሃው ሳታነሣ ዳቦውን ጎረሰች። ቀጥሎም ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቀች።

ዛሬ ሰው ያንን ጊዜ እንዴት አለፋችሁት ሲለኝ ስለ መንገዱ ወይም ስለ ማጣሪያው አላወራም። ያሳለፈችኝ አንዲት የቤት ተከራይ ናት፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ልጅ።