ቀርቷል በያት

ፍራሽ አዳሹ የሞተው የካቲት ዘጠኝ ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። በሥራ ቤቱ ወለል ላይ ሦስት ጎኑ ተሰፍቶ አራተኛው ክፍት የሆነ ፍራሽ ተጋድሞ ነበር፤ ረጅሙ መርፌ ከነክሩ ሸራው ላይ እንደተሰካ ነው። ፍራሹ የደንበኛ አልነበረም። የራሱና የባለቤቱ መኝታ ነበር። ዕድሜ ልኩን የሰው መኝታ ሲያድስ ኖሮ የራሱን የፈታው ከተማውን ሊለቅ ሲነሣ ብቻ ነው። ስንት ዘመን ባለቤቱ «የእኛም ጎርብጧል እኮ» ስትለው «የኔን ጎን ለምዶታል፤ ያንቺንም ይለምደዋል» እያለ አሳልፏታል።

ሥራ ቤቱ ከመኖሪያቸው ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ፣ ባለ አንድ መስኮት ክፍል ነው። ያረጀ ፍራሽ ሲመጣለት ስፌቱን ይፈታል፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረውን ጥጥ ያወጣል፣ በዱላ ይመታዋል፣ ከዚያ በጣቶቹ እየባዘተ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ጥጡ ፀሐይ ጠግቦ ሲነፋ ወደ አዲስ ሸራ ይመልሰዋል። ጥጥ በሚመታበት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ሰው ከሰው አይተያይም። ብናኙ ፀጉሩ ላይ፣ ቅንድቡ ላይ፣ የጆሮው ጠርዝ ላይ ሳይቀር ያርፋል። ባለቤቱ ምሳ ስትጠራው «ና እንጂ፣ አንተ ሽማግሌ» ትለዋለች። እሱም ራሱን አራግፎ «ይኸው ጎረመስኩ» ይላታል።

ጨዋታ ያውቃል። አንዳንዴ ገና የመጣ ፍራሽ በመዳፉ ዳብሶ «እነዚህ ባልና ሚስት ተኳርፈዋል» ይላል። በምን አወቅህ ሲሉት «ዳርና ዳሩ ጎድጉዶ መሃሉ ተራራ ሠርቷል» ብሎ ይስቃል። ሳቁ ግን በኋላ በኋላ ወደ ሳል ይለወጥበት ጀመር። ሲጀምረው ግድግዳ ይይዛል፤ ሲለቀው ላቡን ጠርጎ «የት ነበርን?» ብሎ ጨዋታውን ይቀጥላል። ከግቢው በር አጠገብ የሚሠራው ፀጉር አስተካካይ፣ የልጅነት ወዳጁ፣ «የሰው እንቅልፍ ስታድስ የራስህን ጨረስከው» ይለው ነበር። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ሰውየው ጋደም ሲል ትንፋሹ ስለሚታፈን ሌሊቱን ግድግዳ ተደግፎ፣ ቁጭ ብሎ ነበር የሚያነጋው።

ሐኪሟ የደረቱን ፎቶ ብርሃን ላይ አንጠልጥላ አየችው።

«አባባ፣ ስንት ዘመን ሠሩ በጥጥ?»

«ጺም ሳላበቅል ጀምሬ።»

«ሳንባዎ ውስጥ ገብቶ ተጋግሯል።»

«ታዲያ አውጥተን ፀሐይ ላይ እናስጣዋ።»

ሐኪሟ አልሳቀችም። ሥራውን እንዲተው፣ ቢቻል ከዚህ አቧራማ ከተማ እንዲወጣ፣ የነፋሱ ወራት ሳይገባ አየሩ እርጥብ ወደ ሆነ አገር እንዲሄድ ነገረችው። «ነፋሱ እዚህ ካገኘዎ እኔ የምሰጥዎ ነገር የለኝም» አለችው። ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር፤ የነጠላዋን ጫፍ አንዴ ትጠቀልላለች፣ አንዴ ትፈታለች።

እርጥብ አገር አላጡም። ሴት ልጃቸው ባሏን ተከትላ የሄደችበት ከተማ ከተራሮች ግርጌ ነው። ዝናብ የማይለየው፣ ቆርቆሮው ላይ ሳይቀር አረንጓዴ ነገር የሚበቅልበት አገር ነው። በዚያው ሰሞን ሊጠይቃት ሄደ። ደመናው ከተራራው ወርዶ መንገድ ላይ ከሰው ጋር ሲጋፋ አየ። የተሰጣ ልብስ ለሦስተኛ ቀን ሲንጠባጠብ አየ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ግን በጀርባው ተዘርግቶ፣ እንደ ሕፃን ተኛ። በማግሥቱ ዳቦ ሊገዛ ዳገቱን ወጥቶ ሳያርፍ ተመለሰ። ልጁ በር ላይ ቆማ ስታየው ነበር፤ ዳቦውን ተቀብላው ፊቷን አዞረች።

ማታ የተኛበትን ፍራሽ ጫፉን ገልጦ እጁን ሰደደበት። ረጥቧል፤ ሻጋታ ሻጋታ ይላል።

«እዚህ አገር ሰው ኩሬ ላይ ነው እንዴ የሚተኛው?» አላት።

«ስፖንጅ ነው አባዬ። እዚህ ጥጥ የሚያስፈታ የለም። ቢፈታስ በምን ፀሐይ ይደርቃል?»

«ታዲያ እኔ እዚህ መጥቼ ምን እሠራለሁ?»

«ትተነፍሳለህ።»

«መተንፈስ ሥራ ነው?»

«ላንተ አሁን ሥራ ነው።»

ይህችን መልስ ይዞ ተመለሰ፤ ሊውጣት ግን አልቻለም። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ዛሬ ነገ ሲባል ያለቀ ጊዜ ነው። ልጅቷ ከምትኖርበት ግቢ አንዲት ክፍል ልትለቀቅ ሆነና አከራይዋን ለምና አስያዘችላቸው። እሱም «እንመጣለን» አለ። ሳምንት ሳይሞላው ደውሎ «እስቲ ትንሽ ልሰብሰብ» አለ። እንደገና እሺ አለ፣ እንደገና ተወው። ሰው ባገኘ ቁጥር ያማክራል፤ ምክሩ ደስ ካላለው ሌላ ሰው ይፈልጋል።

«ዝናብ ብቻ ነው አሉ» አለው ፀጉር አስተካካዩ አንድ ቀን፣ ምላጩን እየሳለ።

«ዝናብ ብቻ ነው።»

«ታዲያ አንተ ስኳር ነህ? አትሟሟም።»

«እጄን አጣጥፌ የልጅ ፊት እያየሁ ልኑር?»

«እዚህስ የማንን ፊት ነው የምታየው? የኔን። የሷ ይሻላል።»

ባለቤቱ ደግሞ አጭር መልስ ነበራት። «ሌሊት ሌሊት ደረትህ ሲያፏጭ ከምሰማ፣ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲያፏጭ ብሰማ እመርጣለሁ።»

በመጨረሻ ልቡን ያስቆረጠው ምክር አልነበረም። አንድ ጠዋት ዱላውን አነሣና ወደ ላይ ሊሰነዝረው አቃተው። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወደ ቤት ገባና «ለልጅሽ ንገሪያት፤ ከእንግዳ ማረፊያው ያመጡልኝን ፍራሾች ልጨርስና እንሄዳለን» አለ። ቀስ እያለ፣ እያረፈ ይሠራቸው ጀመር። በዚህ ጊዜ ቃሉ የምር ነበር። ልጅቷ ግን ከእሱ አፍ «እሺ» የሚለውን ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደወለች። ስልኩን ያነሣችው እናት ናት፤ ከሥራ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ብናኙ እንዳይገባባት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። ልጅቷ «አከራይዋ ሌላ ሰው መጥቶባታል። ዛሬውኑ ቁርጡን ንገሩኝ ብላለች። አባዬን ጠይቂልኝ» አለቻት። መስመሩ ይቆራረጣል።

እናት አንገቷን አስግጋ «ቁርጡን ንገሩኝ ትላለች፤ ምን ልበላት?» አለችው።

እሱ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ ጥጥ እየባዘተ ነበር። ሊል የፈለገው «እንመጣለን፤ አንድ ፍራሽ ቀርቷል በያት» ነው። አፉን ሲከፍት ሳሉ ቀደመው። የንግግሩን መጀመሪያ ሳሉ ዋጠው፤ ከጨርቁ ሥር የወጣው መጨረሻው ብቻ ነው፦ «ቀርቷል በያት።»

ለባለቤቱ ነገሩ ግልጽ ነበር። ቁርስ ላይ «ከእንግዳ ማረፊያው አንድ ቀርቶኛል» ሲል ሰምታዋለች። ስለዚህ ምንም ሳትጨምር፣ ምንም ሳትቀንስ፣ «ቀርቷል ይልሻል» አለቻት።

ይህ ቃል ሁለት ፊት አለው። ያላለቀ ሥራም ቀርቷል ይባላል፤ የተሰረዘ ጉዞም ቀርቷል ይባላል። ያላለቀውን ሰው ቆሞ ይጠብቀዋል፤ የተሰረዘውን ግን ትቶት ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ልጅቷ የሰማችው ሁለተኛውን ነው፤ አባቷ ሲያመነታ ከከረመበት ነገር ጋር ልክክ አለላት። «እሺ እማዬ» አለችና ዘጋችው።

«ምን አለች?»

«እሺ አለች።»

«ጎበዝ» አለ፣ ወደ ጥጡም ተመለሰ።

ፍራሹ አለቀ። ባልና ሚስት ዕቃቸውን መቋጠር ጀመሩ፤ ድስቱ በአንሶላ ተጠቀለለ፣ መስታወቱ በልብስ መሃል ገባ። እናት የሚነሡበትን ቀን ልታስታውቅ ደወለች።

«ቅዳሜ ነን፤ መናኸሪያ ድረስ ብቅ በይልን» አለቻት።

«የት ልትሄዱ?»

«እንዴ፣ ወደ አንቺ ነዋ።»

«እማዬ፣ ቀርቷል አላልሽኝም?»

«አዎ፣ አንድ ፍራሽ ቀርቶት ነበር። ጨረሰው።»

ልጅቷ የሆነውን ነገረቻት። ክፍሏን አከራይዋ ቁርጡ በተነገራት ቀን ለሁለት አስተማሪዎች ሰጥታታለች፤ ገብተውባታል።

እናት ግንባሯን ይዛ በበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ነኝ» አለች፤ «አንዲት ቃል ብጨምር ምን ነበረበት?» ፍራሽ አዳሹ «ያልኩሽን ነው ያልሽው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አላት። ልጅቷም በበኩሏ ስታለቅስ «ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ተናድጄ ነው» ትል ነበር። እሱ ሁለቱንም አጽናና። ለአፍታ ግን፣ ጉዞው በእርግጥ መቅረቱን በሰማባት ቅጽበት፣ ከደረቱ ላይ የሆነ ነገር የተነሣለት ያህል ቀለል ብሎት ነበር። በዚያ ቀላልነት አፈረ፤ ለማንም አልተናገረውም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው።

ልጅቷ «እኔው ጋ ኑ፤ እንጣበባለን» አለች። እሷ፣ ባሏና ሁለት ልጆቿ ያሉት በአንዲት ክፍል ነው። «ሌሊቱን በሙሉ እያሳልኩ ሕፃናት ላስለቅስ?» ብሎ እምቢ አለ። በዚያች ከተማ ክፍል ቶሎ አይገኝም፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ዓመቱ እኩሌታ ላይ ካልደረሰ አይነቃነቅም። ስለዚህ መጠበቅ ሆነ። የተቋጠረው ዕቃ አንድ አንድ እያለ ተፈታ፤ መጀመሪያ ድስቱ፣ ከዚያ መስታወቱ።

ነፋሱ በወቅቱ ገባ። የመንገዱን አቧራ አንሥቶ በበሩ ሥር እያሳበረ ያስገባው ጀመር። ባለቤቱ የበሩን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ትደፍናለች፤ ጨርቁ ሲደርቅ ተነሥታ ታረጥበዋለች። ሰውየው ወፍራም ሱሪው በገመድ እስኪታሰር ከሳ። ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ገብቶ አፍንጫው ላይ ኦክስጅን ተሰክቶለት ወጣ። ሁለተኛውን ጊዜ ሐኪሟ «አልሄዱም እንዴ?» አለችው። ሊያስረዳት ጀመረና የቃሉን ነገር ለመናገር ትንፋሹ አልበቃ አለው። «ቀረ» አላት ብቻ።

ልጅቷ ክፍል ያገኘችው ጥር ሲያልቅ ነው። ከእሷ ግቢ ራቅ ይላል፤ በአንድ በኩል ተራራውን ያያል። በዚህ ጊዜ ራሱ ስልኩን ተቀብሎ፣ በየቃሉ እያረፈ፣ «እንመጣለን። ምንም የቀረ ነገር የለም። ሰማሽኝ?» አላት። «ሰማሁህ አባዬ» አለችው። አፏን ሞልታ እንድትደግምለት አደረገ። መንገዱ ለየካቲት አጋማሽ ተቆረጠ።

የዚያን ሰሞን መልኩ ፈክቶ ነበር፤ ባለቤቱ ይህንን ነው አሁን ድረስ የምትናገረው። የራሳቸውን ፍራሽ ፈትቶ በቀን ጥቂት ጥቂት እያለ ይሰፋው ነበር። ሰኞ፣ የካቲት ስምንት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ጋብ ሲል ኮቱን ደረበ።

«የት ነው?» አለችው።

«ጫማ ሠሪው ጋ። ጫማሽን ሰጥቼው ነበር።»

«የኔን ጫማ? ምን ሆነ ብለህ?»

«ሶሉ ልሙጥ ነው። የልጅሽ ሰፈር ቁልቁለት ነው፣ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። በዚያ ጫማ ወጥተሽ በጀርባሽ ትመለሻለሽ።»

ጫማ ሠሪው ያለው ከመንገዱ ማዶ፣ ከመብራት ምሰሶው ሥር ነው። ጤነኛ ሰው ወሬውን ሳይጨርስ ይደርስበታል። ፍራሽ አዳሹ ግን አጥሩን ይዞ ቆመ፣ ሄደ፣ ምሰሶውን ይዞ ቆመ። ጫማ ሠሪው ወፍራም ጎማ አልብሶ፣ ዙሪያውን በክር አጥብቆ ሰፍቶታል። ሰውየው አንዱን አገላብጦ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ሞከረው። «ክርህ ጥሩ ነው» አለ። ሒሳቡን ከፍሎ ጥንዱን በብብቱ ሸጎጠ።

ሲመለስ ትንፋሹን ሊሰበስብ ከፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ቆመ። ወዳጁ ወንበር አውጥቶለት «ልላጭህ? አዲስ አገር እንዲህ ጎፍሮ አይገባም» አለው።

«እዚያ ጥሩ ፀጉር አስተካካይ አለ ብለውኛል።»

«ዝናቡ ነው የሚላጨው?»

ሁለቱም ሳቁ፤ አንደኛው ሳሉ እስኪለቀው ሌላኛው ትከሻውን ይዞ ጠበቀው።

ቤት ሲገባ ባለቤቱን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጣትና ራሱ ተንበርክኮ ጫማውን አጠለቀላት። ግራው ልክ ነው፤ ቀኙ አውራ ጣቷን ጨመቃት። «ጠቧል» አለችው። «ይሰፋል» አለ። አሮጌ ጋዜጣ አርሶ፣ ጨምቆ፣ በቀኙ ጫማ አፍንጫ ውስጥ በጣቱ እየገፋ ጠቀጠቀው። ከዚያ ሁለቱን ጫማዎች ጎን ለጎን በሩ አጠገብ አስቀመጣቸው።