ጨዋዋ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አትላስ አካባቢ፣ ሊፍት ውስጥ አንዲት ሴት ከነሽቶዋ ገባች። በሩ ሲዘጋ ትንፋሼን ያዝኩ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ለጸሎት እኛ ቤት የሚሰበሰቡት የቤተክርስቲያን እህቶች ሽቶ ነበር። አራተኛ ፎቅ ሳንደርስ አሥራ ሦስት ዓመቴ ሆነ።

ያኔ ቦሌ ሚካኤል፣ ከአንድ ብየዳ ቤት ጎን ነበር የምንኖረው። ከግድግዳው ወዲያ ብረት ሲቆረጥ እኔ ጥርሴን ያመኛል፤ ሌላው ሰው ሻዩን ይጠጣል። እህቶቹ ሲመጡ በር ላይ ቆሜ ሁሉንም በየተራ ጉንጭ ለጉንጭ እስማለሁ። ከዚያ አንገቴን ደፍቼ ጥግ እቀመጥና የምንጣፉን አበባዎች እቆጥራለሁ።

"እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! ቀና ብላ እንኳን አታይም እኮ" ይላሉ። እናቴ ፊቷ ይበራል። የሰው ዓይን ማየት ስላልቻልኩ ይህን ያህል እየተመሰገንኩ፣ ምን ብዬ ልናገር? ወንድ ብሆን ምን ነካው ይሉ ነበር።

ፈገግታን ከአክስቴ ልጅ ነው የቀዳሁት፤ መታጠቢያ ቤት ቆልፌ፣ መስታወት ፊት፣ ጥርስ እስከ የት እንደሚታይ ሳይቀር።

አንድ ቀን የባዮሎጂ መምህሬ በእረፍት ሰዓት ከጫጫታው ሸሽቼ ሽንት ቤት ውስጥ ጆሮዬን በእጆቼ ደፍኜ አገኘችኝ። እናቴን አስጠራች።

"ይቺ ልጅ የሚከብዳት ነገር አለ። ለባለሙያ ቢያሳዩዋት ጥሩ ነው።"

"ልጄን? ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣውን?" አለች እናቴ። "ዝም ማለት መቼ ነው በሽታ የሆነው?"

መምህሯ ወደ እኔ ዞረች። "እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ የኔ ቆንጆ። ደህና ነሽ?"

አይደለሁም ልላት ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን ያ የተለማመድኩት ፈገግታ ቀድሞኝ ወጣ። "ደህና ነኝ" አልኩ። መምህሯ ትንሽ አይታኝ ደብተሯን ሰበሰበች። ሁለተኛ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ኦቲዝም እንዳለብኝ አንዲት ሐኪም የነገረችኝ በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። እናቴ ዘንድ ቂሜን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሟ ያለችኝን አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት፤ ድምፅ እንዴት እንደሚያመኝ፣ ከሰው መሀል ስወጣ እንዴት እንደምዝል፣ ሳቄ እንኳን ሥራ እንደሆነብኝ። ይቅርታ እስክትለኝ ጠበቅኩ።



"እኔስ?" አለች። "እንግዳ በሄደ ቁጥር ራሴን በሻሽ ጠፍሬ የምተኛው ለምን ይመስልሽ ነበር? ሴት ሁሉ እንዲህ እየሆነች ችላ የምትኖር ነበር እኮ የሚመስለኝ፣ ልጄ።"

ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነበር።