እንዳይወጣ የፈራሁት ካርድ

ይህ የሆነው አምና ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት ነው። በሕይወቴ ከዚህ የባሰ ጥፋት አጥፍቼ ይሆናል። ይሄኛው ግን ባሰብኩት ቁጥር መቀመጫ ያሳጣኛል።

ዱባይ ተራ፣ አንድ ሕንፃ ላይ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር እሸጣለሁ። እሁድ ሕንፃው ጭር ሲል ከጎኔ ጫማ የሚሸጠው ሙባረክና ምድር ቤት ልብስ የምትሸጠው ሂሩት ሱቄ ይመጡና ካርድ እንጫወታለን። የተለመደው ካርታ አይደለም። ዘንዶ፣ ጠንቋይና ወታደር የተሳለበት፣ ጽሑፉ እንግሊዝኛ የሆነ ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ሰው ካሉት ካርዶች ስድሳ መርጦ የራሱን ዴክ ይሠራል። አራተኛችን ናቲ ነበር። ክረምት ላይ መኪና ገጭቶት እግሩ ከተሰበረ በኋላ መምጣት አቆመ።

ያን እሁድ በእሱ ፈንታ እናቱ መጡ። እትዬ አስካለ በርበሬ ተራ ብዙ ዘመን የነገዱ ሴት ናቸው። የልጃቸውን ዴክ በፌስታል ይዘውታል።

«ከተጎዳ ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚውለው። አያናግረኝም» አሉን። «ድሮ ቤት ሲገባ የሚያወራኝ ስለዚህ ጨዋታ ነበር። አሳዩኝና አብሬው ልጫወት።»

ሂሩት ተነስታ ወንበር ሰጠቻቸው። እኔ ዓይኔን ከፌስታሉ ላይ መንቀል አቃተኝ። ናቲ ዴክ ውስጥ ያለውን አንድ ካርድ አውቀዋለሁ። ነጭ ዘንዶ ነው፤ ከሁላችንም ያ ካርድ የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከአደጋው በፊት፣ ሙባረክና ሂሩት በሌሉበት፣ ናቲ ሁለት ጥሩ ጥሩ ካርድ ሰጥቶኝ ተለዋወጥን። የሰጠሁት ግን ማተሚያ ቤት አስመስዬ ያሳተምኩትን ነው። ዋናው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። ሙባረክ ከጎናቸው ተቀምጦ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ይተረጉምላቸዋል። ለሁለት ሲጫወቱ ፈጥኖ ማጥቃት ያዋጣል። ለአራት ሲሆን ግን ቀድሞ የጠነከረ ሰው የሦስቱም ዒላማ ይሆናል። ይህን ለመረዳት እኔ ወራት ፈጅቶብኛል። እትዬ አስካለ በሦስተኛው ዙር ገባቸው።

«ገበያ ላይ ቀድሞ የጮኸውን ነው ሰው የሚከበው» አሉና ጋሻ የያዙትን ወታደሮች ብቻ እያወጡ ዝም ብለው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ሂሩትን «አንቺ እኔን አትንኪኝ፣ እኔም አልነካሽም» አሏት። ተስማሙ።

እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ተራቸው ደርሶ ካርድ ባነሱ ቁጥር አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ዘንዶው ከመውጣቱ በፊት ከጨዋታው ላስወጣቸው ወሰንኩ። የእኔ ዴክ ለጥድፊያ የተሠራ የእሳት ዴክ ነው። ያለኝን ሁሉ በእሳቸው ላይ ለቀቅሁት።

«ምን ነካህ?» አለኝ ሙባረክ። «ገና ዛሬ የጀመሩ ሰው ናቸው። ጠንካራዋ ሂሩት ሆና ሳለ?»

«ጨዋታ ነው» አልኩት። ወታደሮቻቸው ግማሹን ጥቃቴን መለሱት። በሚቀጥለው ዙር ደግሜ አጠቃሁ። አሁንም አልወጡም። ከዚያ ካርድ አነሱ፤ ነጩ ዘንዶ ነበር።

ሥዕሉ ደስ ስላላቸው ከተሸፈነበት ላስቲክ አወጡትና ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ሙባረክ ሊያነብላቸው ተቀበላቸው። በጣቱ ዳበሰው፣ ወደ መብራቱ አነሳው፣ ከዚያ ፊቱ ተቀየረ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ አስመስሎ የተሠራ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ናቲ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አስቤ አላውቅም።»

ሂሩት አንገቷን ደፋች። እትዬ አስካለ አንዴ ካርዱን አንዴ እኛን አዩ። «ልጄ ሰው አያታልልም» አሉ። እኔ አቀርቅሬ የራሴን ካርዶች መደርደር ጀመርኩ። እሳቸው የልጃቸውን ካርዶች አንድ በአንድ ለቅመው ፌስታላቸው ውስጥ ከተው ወጡ።

ከወጡ በኋላ መሳቢያዬን ከፍቼ ዋናውን ካርድ አወጣሁ። «ናቲ አይደለም። እኔ ነኝ» አልኳቸው ሙባረክንና ሂሩትን። የሙባረክን ፊት ለማየት አልቆየሁም።

ሲኒማ ራስ ታክሲ ሲጠብቁ ደረስኩባቸው። እያለከለክሁ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ብቻ እንደማያውቁት ሰው አዩኝ።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ልጄ ቤት ነው። ለእሱ ንገረው» አሉኝ።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለው ቤታቸው ስንገባ ናቲ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተኝቶ ነበር። ዋናውን ካርድ አልጋው ላይ አስቀምጬ ያደረግሁትን ተናገርኩ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «በተለዋወጥን በሳምንቱ ነው ያወቅሁት። አንተው እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነበር።»

ከመኪናው አደጋ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ሄጄ ያልጠየቅሁት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ለሁለታችንም ግልጽ ሆነ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ልወጣ በሩ ጋ ስደርስ እናቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጨዋታው እንዴት እንደነበር ይነግሩታል።

«እማዬ፣ ጋሻዎቹን ቀድመሽ አውጪ ያለሽ ማነው?» ሲል ሰማሁት።

«ማን ይለኛል? ገበያ ነው ያስተማረኝ።»

አሁን ናቲ በክራንች እየመጣ እሁድ አብሮን ይጫወታል። አንዳንዴ እናቱም ይመጣሉ፤ ከሁላችንም እሳቸውን ማሸነፍ ይከብዳል። ሙባረክ ሁለት ወር ያህል ሰላምታ ብቻ ነበር የሚሰጠኝ። ናቲ ያወራኛል፣ ይስቃል፣ ሲጫወትም አያዳላም። ካርድ ግን ከእኔ ጋር አይለዋወጥም። እኔም እንድንለዋወጥ ጠይቄው አላውቅም።