የገብስማዋ እንቁላል

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከጓሮ እየሮጠች መጣችና ጨብጣ የያዘችውን ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። «እማ፣ ይሄ እንቁላል ልብስ የለውም» አለችኝ። ገና ሞቅ ያለ ነበር። ቅርፊት የለውም፤ በስስ ቆዳ ብቻ ተጠቅልሏል። ጣቴን ስጭነው ገባ፣ ስለቀው ደግሞ ቀስ ብሎ ተመለሰ። የተኛ ሕፃን የዓይን ቆብ የነካሁ መሰለኝ። ልጄ በሳቅ ፈነዳች። እኔ ግን እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረና እንቁላሉ አምልጦኝ መሬት ላይ ፈረጠ።

ሰው በእንቁላል ይንቀጠቀጣል? እኔ እንቀጠቀጣለሁ። ለምን እንደሆነ ለባሌም ነግሬው አላውቅም፤ ዛሬ ለእናንተ ልናገረው።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከአሶሳ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሰዎች ከበርታዎች ጋር ተጎራብተው በሚኖሩበት መንደር ነበር። አባቴ ጉባ፣ ግድቡ ላይ ይሠራል። ድንጋይ የሚፈነዳበት ቦታ ነው ያለሁት ብሎ ከነገረን ጀምሮ እናቴ እንቅልፍ የላትም። ስልኩ ሲጠራ ትደነግጣለች፤ ሳይጠራ ሲቀር ደግሞ ይብስባታል።

ከቀርከሃ አጥራችን ማዶ አንዲት የበርታ ባልቴት ነበሩ። በእነሱ ዘንድ አያት እንደሚባለው ሰፈሩ ሁሉ ሐቦባ ይላቸዋል። ባላቸው ሞተው፣ ልጆቻቸው ተበትነው ብቻቸውን ቀርተዋል። ሸርቆሌ የሚኖረው ትልቁ ልጃቸው እኔ ጋ ካልመጣሽ እያለ በየጊዜው ይጨቀጭቃቸዋል። የእሳቸው መልስ ግን አንድ ነው። ግቢ ውስጥ የሚርመሰመሱትን ዶሮዎች በአገጫቸው እያሳዩ፣ «ይሄ ዶሮ እያለ እኔ አይሄድም። ስኳር ይሄ ይገዛል፣ ማሽላ ይሄ ይገዛል። እኔ የሰው እጅ አያይም» ይላሉ። ባላቸው የተቀበሩት ከመስጊዱ ጀርባ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ሳይደርሱ አይውሉም። እኔ ከሄድኩ ማን ይጠይቀዋል እያሉ ለእናቴ ሲያጫውቷት ሰምቻለሁ።

እናቴና ሐቦባ አጥሩ ላይ አንዲት ቀዳዳ አበጅተው ነበር። ሳህን ታሳልፋለች፣ ብዙም ከዚያ አትበልጥም። በሁዳዴ እኛ የማንበላው እንቁላል በእሷ ወደ ማዶ ይሄዳል። በረመዳን ደግሞ ገንፎ ከባምያ ወጥ ጋር በእሷው ይመጣል። እናቴ «ይሄ የሚዝለገለግ ነገር» እያለች ታማርር ነበር፤ ሳህኑን ግን አንዴም ሳታሟጥጥ መልሳ አታውቅም።

ነገሩ የጀመረው በዚያ ዓመት ሁዳዴ እኩሌታ ላይ ነው። የአሶሳን በጋ የኖረበት ያውቀዋል። ዱሩ ይቃጠላል፤ እሳቱ ከሩቅ ሲያልፍ የሣሩ አመድ እየበረረ መጥቶ ግቢያችን ውስጥ ይዘንባል። ፀሐይዋ በጭሱ ውስጥ ቀልታ ትውላለች። ጥሬ ማንጎ ዱብ ባለ ቁጥር እናቴ ክው ትላለች። ከዶሮዎቻችን መካከል ጥቁርና ነጭ ላባዋ የተደባለቀ አንዲት ገብስማ ነበረችኝ፤ ከጫጩትነቷ እጄ ላይ ያደገች፣ ስጠራት ከየትም ጥላ ሮጣ የምትመጣ። አንድ ጠዋት እንቁላል መጣያዋ ውስጥ እጄን ሳስገባ ጣቴ ልስልስ ነገር ውስጥ ሰመጠ።

እናቴ ስታየው አማተበች።

«ከየትኛዋ ነው?»

«ከገብስማዋ።»

«ቆዳ ብቻ! ይሄ እንቁላል አይደለም፣ ሟርት ነው። አገር ቤት እያለን እንዲህ ያለ በተገኘ በወሩ አጎቴን ቀብረናል።»

አባቴ ከደወለ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር። የምታስበውን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ያንኑ ሰዓት ገብስማዋን ከሌሎቹ ነጥላ፣ እግሯን በገመድ ማንጎው ሥር አሰረቻት። «ለፋሲካ ሌላ ዶሮ አይታረድም። እሷ ናት» አለች። ጾም ባይሆን ኖሮ ያን ዕለት ታርዳት ነበር።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነበርኩ። ፋሲካ ሳይደርስ አንድ ጠንካራ እንቁላል ካስጣልኳት እናቴ ትምራታለች ብዬ ተነሣሁ። ትምህርት ቤት፣ የእንቁላል ቅርፊት ወቅጦ ማብላት ፍቱን ነው ተብለን ነበር። ግን በሁዳዴ፣ በእኛ ቤት፣ የእንቁላል ቅርፊት ከየት ይመጣል? ከሐቦባ እንጂ። የበሉትን እንቁላል ቅርፊት በቅል እያጠራቀሙ በቀዳዳዋ ያቀብሉኝ ጀመር። «እሳት ላይ አመስ አድርግ፣ ከዚያ ወቅጥ፣ ዱቄት ይሁን። እንዲሁ ከሰጠ ዶሮ ይለምዳል፣ የራሱ እንቁላል ይበላል» ብለው አስጠነቀቁኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ። ገብስማዋ ከመዳፌ እየለቀመች በላች፤ እንቁላሉ ግን አልጠነከረም። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እናቴ ሳታይ አፈር ውስጥ ቀበርኳቸው። ከዚያ ጭራሽ መጣል ተወች። ክንፏ ወረደ። ስትተነፍስ ጉሮሮዋ ውስጥ አንዳች ነገር ይንኮሻኮሽ ጀመር።

በዚያው ሰሞን የእንስሳት ጤና ባለሙያ መንደራችን መጣ። ፈንግል የሚሉት ዶሮ ጨራሽ በሽታ በአካባቢው ገብቷል ተባለ። የመድኃኒቱ ብልቃጥ አንዴ ከተከፈተ ስለማያድር ዶሮ ያለው ሁሉ ያን ዕለት ማስከተብ ነበረበት። ሐቦባ ግን በዋዜማው የልጅ ልጃቸው ታማ ሸርቆሌ ሄደዋል። የእሳቸውን ዶሮዎች የሚይዝ ሰው አልነበረም። እኔ ገብስማዋን ከማንጎው ሥር ፈትቼ ከማድ ቤቱ ጀርባ ቅርጫት ደፋሁባት፤ ካያት ግደሏት ይላል ብዬ ነው። ባለሙያው የእኛን አንድ በአንድ እየያዘ ዓይናቸው ላይ ጠብ አደረገ። ሲጨርስ እጁን እየታጠበ፣ «የታመመ ካለ ይሄ አያድነውም። ከጤነኞቹ ለይታችሁ አርቁት» አለ። የተናገረው ለእናቴ ነበር፤ ልብ ብዬ የሰማሁት ግን እኔ ነኝ።

ለየኋት። ማንም ቢጠይቀኝ እንደታዘዝኩት ለይቻታለሁ እል ነበር። ከእኛ ዶሮዎች ለየኋት።

ሐቦባ በማግሥቱ ተመለሱ። እናቴ ገበያ እንደወጣች ገብስማዋን ታቅፌ ቀዳዳዋ ጋ ቆምኩ።

«ሐቦባ፣ እስከ ፋሲካ ይደብቁልኝ። እናቴ ልታርዳት ነው።»

ቀረብ ብለው ዓይኗን በአውራ ጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩ።

«ይሄ ታሟል፣ አይደለም?»

«ትንሽ ነው። ጉንፋን መሰለኝ።»

ስለ ብልቃጡ፣ ስለ ባለሙያው፣ አርቁት ስላለው ነገር ትንፍሽ አላልኩም። ረስቼ አይደለም። ከነገርኳቸው እንቢ ይሉኛል ብዬ ነው። ይህን አውጥቼ ስናገር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

«እሺ ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አምጣ» አሉ። ክንፏን ሰብስቤ በዚያች ቀዳዳ አሾለክኳት። ለእናቴ ገመዱን በጥሳ ጠፋች አልኳት። እናቴ እንደ መገላገል ተንፍሳ፣ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግላት» አለች።

አራት ቀን ሰላም ነበር። በአምስተኛው ከማዶ የሚመጣው ድምፅ ቀነሰ። አውራው ዶሮ በእኩለ ቀን መጮህ ጀመረና መሐል ላይ አቋረጠው። ቆሜ ጠበቅኩ፤ አልጨረሰውም። በማግሥቱ ከማንጎው በላይ ጭልፊቶች ይዞሩ ጀመር። በቀዳዳዋ አጮለቅኩ። አንዲት ቀይ ዶሮ አንገቷ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ አንድ ቦታ ላይ ትሽከረከራለች። ሌሎቹ በየጥላው ኩርምት ብለዋል፤ ኩሳቸው አረንጓዴ ነው። አመዱ ላባቸው ላይ ይወርዳል፣ አንዷም አታራግፈውም። ሐቦባ መሐላቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ውኃ በማንኪያ ያጠጣሉ። አላዩኝም። እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ።

አሁን ባምባሲ ነው የምኖረው። ክትባት መጣ ሲባል ዶሮዎቼን ይዤ ከሁሉም ቀድሜ የምሰለፈው እኔ ነኝ። ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል፣ «ዶሮሽን እንደ ልጅ ነው የምታስከትቢ» ይሉኛል። ይሳቁ።

በሳምንቱ መጨረሻ ከሐቦባ ግቢ አንድም ዶሮ አልቀረም። እናቴ ጉድጓድ ልትቆፍርላቸው ገባች፣ እኔም ተከተልኳት። ከተደረደሩት መካከል ገብስማዋን አየቻት። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። አካፋውን አነሣችና መጀመሪያ እሷን ቀበረች።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ስልኩ ጠራ። አባቴ ነበር። ሌላ ቦታ ተዛውሬ ኔትወርክ አጥቼ ነው እንጂ ደህና ነኝ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ አለ። እናቴ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞር ብላ፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ «ሟርቱ እዚያ አለፈ» አለች። ለሐቦባ ክፉ ተመኝታ አይደለም፤ እናቴን አውቃታለሁ። ግን ያን ስትል ፊቷ ላይ የነበረው ዕረፍት አስፈራኝ። ከሞቱት ዶሮዎች በላይ አስፈራኝ።

«ሄጄ እውነቱን ልንገራቸው» ስላት ክንዴን ጭብጥ አደረገችኝ።

«የሞተው ሞቷል። ብትነግሪያቸው አንዱ አይነሣም። ዝም በይ።»

ዝም አልኩ። እውነት ለመናገር፣ ዝም በይ የሚለኝ ሰው በማግኘቴ ቀለል አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሐቦባ ለልጃቸው የሚመልሱት አጡ። አባቴ ለፋሲካ መጣ፤ ሌላ ዶሮ ታረደ፣ እኔ አልበላሁም። በበዓሉ ማግሥት ልጃቸው ሊወስዳቸው ደረሰ። ሐቦባን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ዓመት ሳይሞላ ሸርቆሌ ማረፋቸውን ሰማን፤ የተቀበሩትም እዚያው ነው አሉን፣ ከባላቸው ርቀው።

ልጃቸው ሊወስዳቸው በመጣበት ቀን ጠዋት፣ ሐሙስ ባይሆንም፣ ሐቦባ መስጊዱ ጀርባ ሄደው ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ጫማቸው በአመድ ነጥቷል። ሁለት ጆንያ ዕቃቸው ሚኒባስ ላይ ተጫነ። እናቴ አንዲት ቄብ ዶሮ እግሯን አስራ ይዛ ወጣች። ሐቦባ ፈገግ ብለው መለሱላት። «እዚያ ዶሮ የልጄ የሚስቱ ነው። የእኔ አይሆንም። አንቺ ጋ ይደግ» አሏት። እናቴ ቄቧን እንደያዘች ፊቷን አዞረች።

ቀጥሎ እኔን ጠሩኝ። ከእናቴ ጀርባ ወጥቼ ቀረብኩ። ሁለቱንም እጆቼን በሻካራ መዳፋቸው ያዙና ጎንበስ ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«ያ ቢንቲ፣ አደራ ሰጠሽ፣ እኔ አልጠበቀም። ዶሮሽ እኔ ቤት ሞተ። አፉ በይኝ።»

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። እናቴ ያን ጊዜ ክንዴን አልያዘችኝም፤ ማንም አልያዘኝም። አፌን ከፈትኩ።

«አፉ ብያለሁ፣ ሐቦባ» አልኳቸው።