ለጎድን የታሰበች ኳስ

ማታንሳስ በምትባለው መንደር ውስጥ ስለ ኤላዲዮ ፒሜንቴል የሚያወራ ሰው ሁሉ ከክንዱ ይጀምራል። አባቱ ሳሊናስ በሚባለው የጨው ማምረቻ ጨው ሲዝቅ የኖረ ሰው ነው፤ ያ ክንድ ባይኖር ልጁም ያንኑ አካፋ መውረሱ አይቀርም ነበር። ገና ጢሙ ሳያቀመቅም የወረወራት የቤዝቦል ኳስ ጓንት ውስጥ ስትገባ ጥይት የተተኮሰ ይመስል ነበር። ጓንቱን የሚያጠልቀው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፣ የጎረቤታቸው ልጅ ራዳሜስ።

ራዳሜስ አጭር፣ ደንዳና፣ አፉ የማያርፍ ልጅ ነበር። ከማንጎው ዛፎች በስተጀርባ ባለው ሜዳ ላይ አንዱ ሲወረውር ሌላው ሲቀልብ አብረው አደጉ። ዱላ ሲጨብጥ ደግሞ የኤላዲዮን ኳስ መምታት የሚችል ከሱ በቀር በመንደሩ አልተገኘም። "ትከሻህ ወሬኛ ነው" ይለው ነበር። "ገና ሳትወረውር ሁሉን ይነግረኛል።"

በአሥራ ሰባት ዓመቱ ኤላዲዮን አንድ የአሜሪካ ቡድን አስፈረመው። ራዳሜስን ግን መልማዮቹ እግሩ ከባድ ነው ብለው አለፉት። ሲለያዩ ራዳሜስ የራሱን አሮጌ ጓንት ሻንጣው ውስጥ ከተተለትና እንደ አሜሪካኖቹ ድንች ብቻ በልቶ እንዳይወፍር መከረው። ከዚያ ወዲያ የኤላዲዮ ኑሮ አውቶቡስ ሆነ፤ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ወደ ሌላዋ፣ ከታችኛው ቡድን ወደ መካከለኛው። ጥቅምት ሲገባ አገሩ ተመልሶ ለዋና ከተማው ቡድን ይወረውራል። ራዳሜስም ቢሆን ወድቆ አልቀረም። በዱላው ስም አውጥቶ የምሥራቁ ቡድን ወሰደው። ሁለቱ ጓደኞች እንዲህ አድርገው ነው በተቃራኒ ማልያ የተገናኙት።

የተገናኙት በታኅሣሥ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ካፊያ ይጥል ነበር። ማታንሳስ አውቶቡስ ተኮናትራ መጥታ ነበር። ኤላዲዮን ያስጨነቀው ግን ሌላ ሰው ነው። ከተቀባዩ ጀርባ፣ በፊተኛው ረድፍ፣ ከአሜሪካ የመጣ የቡድኑ ሰው ተቀምጧል። ኤላዲዮ ወደ ዋናው ቡድን ይደግ አይደግ የሚወስነው እሱ ነው ተብሏል።

ራዳሜስ መጀመሪያ ተራው ሲደርስ ኳሷን ከአጥሩ ማዶ ሰደዳት። እንደ ደንቡ ሜዳውን ሲዞርም አልቸኮለም። ሠርግ ቤት እንደሚገባ ሰው እየተንጎራደደ በኤላዲዮ ፊት ሲያልፍ የገዛ ትከሻውን መታ መታ አደረገና "ዛሬም አላረፈም፣ ያወራል" አለው። የማታንሳስ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ከፊት የተቀመጠው አሜሪካዊ እንኳ ነገሩ ሳይገባው ፈገግ አለ።

ሌላ ቀን ቢሆን ኤላዲዮ ራሱ ቀድሞ በሳቀ። ያን ቀን ግን ያች ፈገግታ አንጀቱን አሳረረችው። ራዳሜስ ለሁለተኛ ጊዜ ዱላውን ይዞ ሲቆም ተቀባዩ ከመቺው ራቅ አድርጎ ወደ ውጭ እንዲወረውር በጣቱ ምልክት ሰጠው። ኤላዲዮ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ በልቡ ግን ሌላ ቆርጦ ነበር። ጎድኑ ላይ አንዴ ላቅምሰው አለ። ለሳምንት ሲያሽ ይሰነብታል፣ ማታ ቢራ ይዘን እንሳሳቅበታለን። በዚህ ጨዋታ እንዲህ ያለ ነገር አዲስ አይደለም፤ ያላደረገ ወርዋሪም የለም።

ኳሷ ግን እንደታሰበላት አልሄደችም። ወደ ላይ ሸሸች። ራዳሜስ ወደ ውጭ ትመጣለች ብሎ ዘንበል ብሎ ስለነበር ከግራ ዓይኑ ስር፣ የራስ ቁሩ ከማይሸፍነው ቦታ ላይ አረፈች። ሲወድቅ ዱላውን አለቀቀም። ጣቶቹን ፈልቅቀው ዱላውን የወሰዱት የሕክምና ሰዎች ናቸው።

ዓይኑ አልተረፈም።

ካፊያው ለኤላዲዮ ምክንያት ሆነለት። ሬዲዮው፣ አሰልጣኙ፣ ጋዜጣው፣ ሁሉም ኳሷ ረጥባ አመለጠችው አሉ። እሱ ይህን ቃል ከአፉ አላወጣም፤ አላስተባበለምም። ሆስፒታል ሲገባ የራዳሜስ እናት ተነሥታ አቀፈችውና ስለ እሱም ስትጸልይ ማደሯን ነገረችው። ራዳሜስ ፊቱ በሙሉ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

"ና ተቀመጥ" አለው። "እርጥብ ኳስ ማን ያዘዋል? ደግሞ እንዳታስለቅሰኝ፤ ማልቀሻዬ አንድ ብቻ ነው የቀረው።"

ኤላዲዮ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እውነቱ ምላሱ ላይ ነበር። እናትየዋ እጁን እንደያዘች ነች። "ይቅር በለኝ" ብቻ አለ፤ ስለ ምን እንደሆነ ሳይናገር።

በዓመቱ ወደ ዋናው ቡድን አደገ። እናቱ ዶኛ ኦብዱሊያ ጎረቤት ሰብስባ ፍየል አረደች። ደስታው ግን አልቆየም። ኤላዲዮ ወደ መቺው ገላ የምትጠጋ ኳስ መወርወር አቃተው። እጁ ሊለቃት ሲል ያ ወደፊት ዘንበል ያለ ፊት ይመጣበታል፣ ኳሷም ሳያዛት ወደ ውጭ ትሄዳለች። መቺዎቹ ይህን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ሳይፈሩ ቀርበው እየቆሙ እንደ ልባቸው መቱት። ሐኪሞቹ ክርኑንም ትከሻውንም መረመሩ። ጤነኛ ነህ አሉት። ወደ ታችኛው ቡድን መለሱት፣ ከዚያም ወደ ባሰው፣ በመጨረሻም አሰናበቱት። ሃያ ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ማታንሳስ ተመልሶ ማንጎ ወደ ዋና ከተማ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ያዘ። ራዳሜስን ያገኘው ከሱ የተሻለ ኑሮ ላይ ነው። አግብቷል፣ ፍየል ያረባል፣ እሑድ እሑድ የመንደሩን ጨዋታ ይዳኛል። ተመልካቹ "ዕውር" ብሎ ሲሰድበው "ግማሹን ብቻ" ይላል፤ ሜዳው በሳቅ ይሞላል። ልጁ ሚሌዲ ስትወለድ ክርስትና እንዲያነሳት የመረጠው ኤላዲዮን ነው። ቂም አለበት ብሎ የሚያስብ ካለ አፉን ይዝጋ አለ። ከዚያ ወዲህ አበልጄ ይባባሉ ጀመር፤ ኤላዲዮ ይህን ስም በሰማ ቁጥር የሚገባበት ያጣ ነበር።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ሚሌዲ አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት አንድ ቅዳሜ ሱቁ ደጃፍ ዶሚኖ እየተጫወቱ ከባኒ ከተማ የመጣ እንግዳ የድሮውን ነገር አነሳ። ያን ቀን ስታዲየም እንደነበረ፣ ኳሷ አምልጣ ሳይሆን ሆን ተብሎ የተወረወረች እንደሆነች ተናገረ። ራዳሜስ ድንጋዮቹን ገፍቶ ተነሣ። "አበልጄን አውቀዋለሁ" አለ። "በሚሌዲ እምላለሁ፣ ያች ኳስ አምልጣው ነው።"

ኤላዲዮ እዚያው ነበር። በክርስትና ልጁ በሐሰት ሲማልባት ሰምቶ ያን ሌሊት አልተኛም። በማግስቱ ጠዋት ራዳሜስ የፍየሎቹን በረት ሲጠግን አገኘው።

"አላመለጠችኝም" አለው።

ራዳሜስ መዶሻውን አስቀመጠ። "ስለሳቅሁብህ ነው?"

"አዎ። ጎድንህን ብዬ ነበር። ዓይንህን ብዬ አይደለም።"

ራዳሜስ ድምፁን አላነሣም። "ይህን ሁሉ ዓመት ዓይኔን ያጠፋችው ኳስ ነች ብዬ ኖሬአለሁ። በኳስ ቂም አይያዝም። አሁን በማን ላይ ልያዘው ነው? እንግዲህ ሂድልኝ።"

ኤላዲዮ እናቱ ዘንድ ሄዶ ሁሉን ተናገረ። ዶኛ ኦብዱሊያ ባቄላ ትለቅም ነበር፤ ቀና ሳትል ሰማችው። "ሸክምህን አወረድክ፣ ልጄ" አለች። "የት ላይ እንዳወረድከው ግን አላየህም።"

ራዳሜስ ለማንም አልተናገረም። እሑድ መዳኘቱንም አልተወም። ነገር ግን ከአጥሩ ውጭ "ዕውር" ሲሉት መልስ መስጠት አቆመ። ሰዎቹም ቀልዱ ስላልተመለሰላቸው ቀስ በቀስ ዝም አሉ። ኤላዲዮ ከሜዳው ማዶ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይህን ያይ ነበር። መናገሩ ይበልጥ ያስቆጨው ወይስ ዘግይቶ መናገሩ፣ ቢጠይቁት አይለየውም።

ሚሌዲ አሥራ አምስት ስትሞላ፣ በአገሩ ልማድ ልጃገረድ ለአቅመ ሔዋን ደረሰች የሚባልበት ዕድሜ ነውና፣ ድግስ ሆነ። ልጅቷ ራሷ መጥታ ጠራችው፤ አባቴም ይምጣ ብሏል አለችው። ኤላዲዮ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ሀብል ገዝቶ ሄደ። እንደ ወጉ ከክርስትና ልጁ ጋር ጨፈረ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ከዘመድ ገበታም ተቀመጠ። ራዳሜስ በየገበታው እየዞረ የፍየል ጥብሱን በእጁ ያድል ነበር። እሱ ጋ ሲደርስ ጥሩ ጥሩውን መርጦ ሳህኑን ሞላለት።

"ሩዝ ይጨመርልዎት?" አለው።

ከሕፃንነታቸው ጀምሮ "አንተ" ሲለው የኖረ ሰው ነው። ኤላዲዮ በቂ ነው አለ፣ አመሰገነ። ራዳሜስም ትሪውን ይዞ ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፈ።